ሁለት ዛፍ ባንዴ፦ ከጅማ የሥራ ቦታዎች የመጡ ጥያቄዎች

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። ከሆስፒታል፣ ከቡና መጋዘን፣ ከቢሮ ጽፋችኋል። የሁላችሁም ጭንቀት "ቀኑን ሙሉ ስሯሯጥ እውላለሁ፣ ግን ምን ሠራሁ?" የሚል ነው። አምስቱን ልመልስ።

ጥያቄ፦ መርካቶ አካባቢ ባለ የቡና መጋዘን መዝጋቢ ነኝ። ቡና በሚገባበት ሰሞን ሚዛን አነባለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ክፍያ አዘጋጃለሁ። ማታ ሒሳቡ አይገጥምም። አለቃዬ "ፈጠን በል" ይለኛል። የጎደለኝ ፍጥነት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ሐሳብ የሚጠይቁ ሁለት ሥራዎችን አእምሯችን ጎን ለጎን አያስኬድም። የሚያደርገው ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ነው። በዘለለ ቁጥር "የቱ ጋ ነበርኩ?" ማለት አለበት። ሩቢንስታይን፣ ሜየርና ኢቫንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት ሥራ መቀያየር ጊዜ እንደሚበላ፣ ሥራው በተወሳሰበ ቁጥር ደግሞ ብክነቱ እንደሚጨምር አሳይተዋል።

አንተ ጋ ምን እንደሚሆን አስበው። ሚዛኑ 68 ኪሎ ይላል። ልትጽፍ እስክሪብቶ ስታነሳ ስልኩ ይጮኻል። ከአጋሮ "መኪናው ተነስቷል" ይሉሃል። "እሺ፣ እሺ" ብለህ ዘግተህ ትመለስና 86 ትጽፋለህ። ልዩነቱ 18 ኪሎ ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና በአንድ ጥሪ ከአንድ ፈረሱላ በላይ ጠፋ ማለት ነው። ያንን ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደምታመሽ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ስለዚህ ሚዛን ላይ ስትሆን ስልኩን ሌላ ሰው ይያዝልህ። ሰው ከሌለ ይጩህ። ቁጥሩን ጻፍ፣ ላመጣው ሰው ጮክ ብለህ አንብብለት፣ ከዚያ መልሰህ ደውል። ክፍያውን ደግሞ በየመሀሉ ከምታዘጋጅ ለብቻው ሰዓት ቁረጥለት። አቅራቢዎች ሰዓቱን ካወቁት ይጠብቃሉ። አለቃህ ካልተቀበለህ ማታ የምታመሽበትን ሰዓት ለጥቂት ቀን መዝግበህ አሳየው።

ጥያቄ፦ የተኝቶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። መድኃኒት በምሰጥበት ሰዓት አስታማሚዎች በየደቂቃው ይጠሩኛል። ዝም ብላቸው ክፉ እመስላለሁ፣ ብመልስላቸው ደግሞ ሥራዬ ይምታታብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ጥያቄ ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። እዚህ ቦታ ላይ የቀልብ መበታተን የሰው ሕይወት ይነካል።

አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሲድኒ ከተማ፣ በሁለት ትልልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች 98 ነርሶች መድኃኒት ሲሰጡ ተከታትለው የሠሩት ጥናት አለ። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ነርሷ አንድ ጊዜ በተቋረጠች ቁጥር የአሠራር ግድፈቱ በ12.1 በመቶ፣ የሕክምና ስህተቱ በ12.7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ልብ በይ፣ ይህ ለአንድ ማቋረጥ ነው። ባንድ ዙር ስንት ጊዜ "ሲስተር!" ትባያለሽ?

አስታማሚውም አይፈረድበትም። እናቱ ተኝታበት ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ያያል፤ ማንን ይጥራ? ስለዚህ ቀድመሽው ድረሺ። መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት ክፍሉን አንዴ ዙሪና "ግሉኮስ የሚያልቅበት አለ? የሚያመው አለ?" ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ "አሁን መድኃኒት ልሰጥ ነው፣ እስክጨርስ ሲስተር እከሊትን ጥሩ" በያቸው። ሰው ምክንያቱን ሲነገረው ይረዳል፤ መድኃኒቱ ለራሱ ሰው ነውና።

የግድ የሚያስሮጥ ነገር ከመጣ ሩጪ። ስትመለሺ ግን ካቆምሽበት አትቀጥዪ። የዚያን ታካሚ ካርድ ከስሙ ጀምረሽ እንደገና አንብቢ።

ለክፍሉ ኃላፊዎችም አንድ ነገር ልበል። ይህን የነርሷ ጥንካሬ ብቻ አይፈታውም። በመድኃኒት ሰዓት ጥሪ የሚቀበል አንድ ሰው መመደብ የእናንተ ሥራ ነው። የሰው ኃይል እጥረት እንዳለ አውቃለሁ። ለዚያች አጭር ጊዜ ግን አንድ ሰው መቆም አለበት።

ጥያቄ፦ ሙዚቃ ከፍቼ ብሠራ ይጎዳኛል?

መልስ፦ እጅሽ የለመደው ሥራ ከሆነ ግድ የለም። የምታነቢ ወይም የምትጽፊ ከሆነ ግን ግጥም ያለው ዘፈን ቃላትሽን ይሻማል። በመሣሪያ ብቻ የተሠራ፣ ለስለስ ያለ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከቤት ሆኜ ሪፖርት እሠራለሁ። ወጡም፣ ልጁም፣ ስልኩም እኔ ላይ ነው። ባለቤቴ "እናንተ ሴቶች ሁሉን ባንዴ ትችሉታላችሁ" ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ጀርመን ውስጥ 48 ሴቶችንና 48 ወንዶችን በዚሁ ጉዳይ ፈትነው ነበር። ሥራ ሲደራረብባቸው ሁለቱም ዘገዩ፣ ሁለቱም ተሳሳቱ፤ በፆታ ልዩነት አልተገኘም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የተባለው ለወንድ ብቻ አይደለም።

ይህ አባባል ሙገሳ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ሸክሙን አንቺው ላይ ማስቀረት ነው። ሪፖርቱ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል? እነዚያን ሁለት ሰዓታት ልጁን እሱ ይያዝ። "እርዳኝ" ሳይሆን "ከ2 እስከ 4 ሰዓት ልጁ ያንተ ነው" በዪው። ሰዓቱ ሲነገር ለመሸሽ አይመችም።

ጥያቄ፦ የአንድ ቢሮ ኃላፊ ነኝ። ሠራተኞቼ ከስልክ አይላቀቁም። ጠዋት በር ላይ ስልክ ይሰብሰብ ብል ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ አልደግፈውም። ልጇን ትምህርት ቤት የላከች እናት ስልኳ ተቆልፎባት ልቧ ሥራው ላይ አይሆንም።

ይልቅ አንድ ነገር ይመልከቱ። የቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ትናንት ማን ስንት ጊዜ ጻፈ? ብዙ ቢሮ ውስጥ አንደኛው ጸሐፊ አለቃው ራሱ ነው። "አይታችኋል?" "የት ደረሰ?" ይላል። ሠራተኛው የያዘውን ትቶ ይመልሳል። ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው፣ ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላ የተሻገረ ሰው ሐሳቡ በከፊል ያው የተወው ሥራ ላይ ይቀራል። አዲሱንም በሙሉ ልቡ አይሠራውም።

እንዲህ ይስማሙ። አስቸኳይ ነገር በስልክ ይደወላል። ሌላው ቴሌግራም ላይ ይጻፋል፤ የሚታየው ግን ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ነው። በመሀል መልስ የዘገየ ሠራተኛ አይጠየቅም። ይህን እርስዎ ራስዎ ካላከበሩት ማንም አያከብረውም።

የቡናውን ሰዓት ደግሞ አይንኩት። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አብሮ ቡና ጠጥቶ የተመለሰ ሰው አርፎ ነው የሚመለሰው። ባለጉዳይ የሚስተናገድበት መስኮት ላይ ያሉት ብቻ በፈረቃ ይውጡ።