ፋይሉን ሳልነካው ለምን እንደ አዲስ ይልከዋል?

ወንድሜ፣ «በአርሲንክ (ፋይል በሚያመሳስለው ፕሮግራም) ከሰርቨር ጋር ሳመሳስል ያልነካኋቸውን ፋይሎች ሁሉ በየቀኑ ይደግማቸዋል፤ ምን ላድርግ?» ነው ያልከው። እኔም በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ።

አርሲንክ ካላዘዝከው በቀር ፋይሉን ከፍቶ አያይም። መጠኑንና መጨረሻ የተቀየረበትን ሰዓት ብቻ ነው የሚያየው። አንዱ ካልገጠመ ሥራ ይጀምራል። ዳሽ አር (-r፣ አቃፊውን ከነውስጡ ቅዳ የሚለውን ትእዛዝ) ብቻ እየተጠቀምክ ይመስለኛል። ዳሽ ቲ (-t፣ የፋይሉን ሰዓት አብረህ ውሰድ የሚለው) ከሌለ ሰርቨሩ ላይ የሚመዘገበው ፋይሉ የደረሰበት ሰዓት ነው፤ በማግስቱ ከአንተው ጋር አይገጥምም። ዳሽ አርን ትተህ ዳሽ ኤ አድርገው፤ ቲን በውስጡ ይዟል። የመጀመሪያው ዙር ይቆይብሃል፣ ከዚያ ይቀልሃል።

እኔን ጉድ የሠራኝ ግን ሌላ ነው። ቢሯችን አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበረ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ስለሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል። አንድ ባልደረባችን በእጁ አስተካከለው፤ በሐበሻ አቆጣጠር! ኮምፒውተሩ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። እኔ ደግሞ ዳሽ ዩ እጠቀም ነበር፤ ተቀባዩ ጋ ያለው አዲስ ከሆነ አትንካው የሚለውን። አንድ ቀን የዋጋ ዝርዝሩ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ታርሞ ሰርቨር ላይ ወጥቷል፤ የተመዘገበው 8:30 ተብሎ ነው። እኔ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ እንደገና አረምኩት። የዴስክቶፑ ሰዓት 5:00 ይላል። አርሲንክ የኔን አሮጌ ነው ብሎ ዘለለው። ስህተት የሚል ቃል እንኳ አላወጣም። ደንበኛ በድሮው ዋጋ ሲከራከረን ነው የነቃነው።

የሰዓት ክልል ልዩነት አርሲንክን አያሳስበውም፤ የሚያወዳድረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ችግሩ ኤፍቲፒ (ሌላው የፋይል መላኪያ መንገድ) ላይ ነው። ብዙ ሰርቨር ዝርዝሩን ሲያሳይ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ አይናገርም፤ ስለዚህ ከእኛ ጋር የ3 ሰዓት ልዩነት ብታይ አትደንግጥ። ፋይልዚላ የሚባለው የኤፍቲፒ ፕሮግራም ላይ በሳይት ማኔጀር ውስጥ የሰዓት ማካካሻ ማስገቢያ አለው።

ፍላሽ ላይ ከሆነስ? ፋት 32 (ብዙ ፍላሽ ፋይል የሚያስቀምጥበት ሥርዓት) ሰዓትን የሚይዘው በ2 ሴኮንድ እርከን ነው፤ የስንት ሴኮንድ ልዩነት ችላ እንደሚባል የሚወስነውን የአርሲንክ ትእዛዝ፣ ሞዲፋይ ዊንዶውን (--modify-window)፣ 1 አድርገው።

ዳሽ ሲ ሰዓቱን ትቶ ይዘቱን ያመሳክራል፤ ግን ፋይሉን ሁሉ ሁለቱም ጋ ስለሚያነብ ቀርፋፋ ነው። እኔ በወር አንዴ፣ ማታ ለቅቄው እተኛለሁ።