ማይቻርት አልከፍት ሲላችሁ መጀመሪያ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ እዩ

አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች፣ የሆስፒታል መዝገባችሁን በኢንተርኔት የምታዩበት ማይቻርት ላይ አካውንት ስትከፍቱ «መረጃዎ ከመዝገባችን ጋር አልተገናኘም» ከተባላችሁ ያንኑ ደጋግማችሁ አትሞክሩ። የሆስፒታሉ ፎርም ለእኛ ስም አልተሠራም። አልማዝ ተስፋዬ በቀለ የምትባል ሴት እዚያው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በአያቷ፣ እናቶች ክሊኒክ ደግሞ በአባቷ ስም ልትመዘገብ ትችላለች። በአንዱ መዝገብ የፔኒሲሊን አለርጂዋ ሰፍሯል፣ በሌላው የለም። ነገሩ የአካውንት ጣጣ ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው።

የልደት ቀንም እንደዚሁ ነው። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ስንቀይር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ግድም 7፣ ከዚያ በኋላ 8 እንደምራለን። እዚያ ላይ የተሳሳተ ሰው አንድ ዓመት ይዛነፍበታል። ስለዚህ መታወቂያና የኢንሹራንስ ካርድ ይዛችሁ ሂዱና «ሁለት መዝገብ ሳይኖረኝ አይቀርም፣ ይዋሃድልኝ» በሉ። ይህን የሚሠራው የሕክምና መዝገብ ክፍሉ ስለሆነ እንግዳ ተቀባዩ ወደዚያ ይምራችሁ። አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ።

አካውንቱ ከተከፈተ በኋላ የምርመራ ውጤት ብዙውን ጊዜ ከሐኪሙ ስልክ ቀድሞ ይደርሳችኋል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ የፌዴራሉ ደንብ ውጤት ያለ በቂ ምክንያት እንዳይዘገይ ስለሚከለክል ነው። «ኔጋቲቭ» ማለት ብዙውን ጊዜ የተፈለገው ነገር አልተገኘም ማለት ነው፣ ደግ ዜና። የራጅ ወይም የሲቲ ስካን ሪፖርት ላይ «አንሪማርከብል» ካለ የተለየ ነገር አልታየም ማለት ነው። ማጠቃለያው ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «ኢምፕሬሽን» በሚለው ሥር አለ። የባዮፕሲ (ከሰውነት ተወስዶ የሚመረመር ናሙና) ውጤት ግን ዓርብ ማታ ብቻችሁን ባትከፍቱት እመርጣለሁ።

የእናታችሁን ፓስዎርድ ይዛችሁ በስሟ አትጻፉ፤ ሐኪሙ የሚመልሰው ለእሷ እየመሰለው ነው። መዝገቧን እንድታዩላት የሚያስችለውን «ፕሮክሲ» የሚባለውን ፈቃድ በፊርማዋ አውጡና በራሳችሁ አካውንት ግቡ። የልጆቻችሁ መዝገብ ግን 12 ወይም 13 ዓመት ሲሞላቸው በከፊል ሊዘጋባችሁ ይችላል። እንደ ስቴቱና እንደ ሆስፒታሉ ይለያያል እንጂ ብልሽት አይደለም።

አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ከበረራው ቢያንስ ከአንድ ወር በላይ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። ማይቻርት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት የራጁን ጽሑፍ እንጂ ሥዕሉን አይደለም። ሥዕሉን በሲዲ ጠይቁ። ሆስፒታሉ መዝገብ ለመስጠት በሕግ 30 ቀን አለው፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ካሳወቀ ደግሞ 30 ይጨምራል። ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር የመግቢያ ኮዱ ወደ አሜሪካ ስልካችሁ መላኩን ነው። አዲስ አበባ ላይ ያ ሲም ካልሠራ ማይቻርትም አይከፈትም። ሳትነሡ ኮዱ በኢሜይል እንዲመጣ አስተካክሉ፣ የሕክምና ማጠቃለያውን በፒዲኤፍ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ አንድ ቅጂም አትሙ።

የመድኃኒት ዝርዝሩ ላይ ከንግድ ስሙ ጎን ዋናውን ስም ጻፉ። ታይለኖል አሜሪካ አሴታሚኖፌን ነው፤ አገር ቤት ፋርማሲ ውስጥ ግን ፓራሲታሞል ብላችሁ ነው የምትጠይቁት።