ገበቴ በቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ በሚያስቀርጽ ማሽን)፦ የጎንደር ጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለመጀመሪያ ገበቴ ዋንዛ ወይስ ወይራ ይሻለኛል?

መልስ፦ ዋንዛ። ለመሮ ይታዘዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አያስቸግርም። ወይራ ጥቁርና ቡናማ መስመሩ ዓይን ይስባል፤ ግን ጠንካራ ነው፣ መሮ ያደነዝዛል፣ መሰንጠቅም ይወዳል።

ጥያቄ፦ በክረምት የሠራሁት ገበቴ ኅዳር ላይ ከአፉ ተሰነጠቀ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ እምብርቱን፣ ማለትም የግንዱን መሐል፣ ሳታወጪ ቀርጸሽው ይሆናል። እንጨት ሲደርቅ በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው፤ ስለዚህ እምብርት ያለበት ቁራጭ መሰንጠቁ አይቀርም። ጉማጁን እምብርቱ ላይ ለሁለት ሰንጥቂና ከየግማሹ ጣት የሚያህል ቆርጠሽ ጣዪ። ሌላው ችኮላ ነው። የክረምት እንጨት እርጥብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ አሳስተሽ ከጨረስሽው የበጋው ደረቅ አየር ይጫወትበታል። መጀመሪያ ውፍረቱን የስፋቱን አንድ አሥረኛ አድርጊው፤ ለ30 ሴንቲሜትር ገበቴ 3 ሴንቲሜትር። የእንጨቱ ክር፣ ማለትም በቁመቱ የሚሄደው ጭረት፣ የተቆረጠበትን ጎን የቀለጠ ሰም ቀብተሽ፣ ከፍቅፋቂው ጋር በወረቀት ከረጢት ነፋስ በማይነካው ጥላ አስቀምጪው። በየሳምንቱ መዝኚው፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። ወራት ይፈጃል። ያኔ ሞላላ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ወፍራም የተተወውም ያንን አስተካክሎ ለመጨረስ ነው።

ጥያቄ፦ የቶርኖው ፍጥነትስ?

መልስ፦ 30 ሴንቲሜትር ለሚሰፋ፣ ገና ላልተስተካከለ እንጨት በደቂቃ 500 ዙር ይበቃል፤ ከተስተካከለ በኋላ እስከ 700። ቶርኖው ከተንቀጠቀጠ ቀንስ። የፊት መከላከያ ሳታደርግ አታስነሳው።

ጥያቄ፦ በብርጭቆ ወረቀት ብፈትገውም ሁለት ቦታ ሻካራ ሆኖ ይቀራል።

መልስ፦ ፊት ለፊት የሚተያዩ ቦታዎች ናቸው አይደል? እዚያ መሮው ክሩን እየቆረጠ ሳይሆን እየነቀለ ያልፋል። መፈተግ ዙሪያውን ይበላል እንጂ ጉድጓዱን አያጠፋም። መሮውን በደንብ ሳል፤ ውጩን ከመቀመጫው ወደ አፉ፣ ውስጡን ከአፉ ወደ ታች ቁረጥ፤ የመጨረሻውን ዙር በጣም ስስ አድርገው። ብርጭቆ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁጥር 120፣ 180፣ 240 በተራ።

ጥያቄ፦ የእንጨቱ መልክ ጎልቶ እንዲታይ ከየትኛው የግንድ ክፍል ልቁረጥ?

መልስ፦ ቅርንጫፍ ከሚነሳበት መንታ። ክሩ እዚያ ስለሚጠላለፍ መስመሩ ይወዛወዛል፤ ለመቁረጥ ግን ያስቸግራል። ከቀጥ ያለ ግንድ ከሆነ፣ አፉን ወደ ቅርፊቱ ካዞርሽው ነጣ ያለው የዳር እንጨት አፉ ላይ ይቀራል። ያምራል፤ ነቀዝ የሚጀምረውም ከዚያው ነውና ዱቄት ካየሽ አትናቂው።

ጥያቄ፦ ቫርኒሽ ልቀባው? ምግብ ይቀርብበታል።

መልስ፦ ለእኔ ቫርኒሽ መልኩን መሸፈን ነው፤ ሲላጥም ምግብ ውስጥ ይገባል። ለምግብ የሚሆን ንጹሕ የተልባ ዘይት በስሱ ይቀቡት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉን ይጥረጉ፣ በየመሐሉ ለቀናት እያደረቁ ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ቀለም ቤት የሚሸጠው ማድረቂያ ኬሚካል ሊኖረው ስለሚችል ለዚህ አይሆንም። የፓልም ዘይትም አይደርቅም፣ ይሻግታል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉት፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሳ ስለሚችል ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።