«አሮጌ ማሽን ላይ ዕድሜዬን እየጨረስኩ ነው?»

ጠያቂያችን በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ በአንድ ባንክ ዳታ ሴንተር ሁለት ዓመት ሠርታለች። የምትጠብቀው አይቢኤም ኤኤስ 400 ሰርቨር ነው። ወር ሲዘጋ ይንቀራፈፋል፤ አለቃዋ «ዲስክ ይገዛ» ብለዋል። አሜሪካ ያሉት አጎቷ ደግሞ «ልቀቂና ሳይበር ሴኩሪቲ ተማሪ» ይሏታል። የደሞዟ ግማሽ ለወንድሟ የኮሌጅ ክፍያ ይሄዳል።

እህቴ፣ እኔም እንዳንቺው ዳታ ሴንተር ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ዝም ብዬ ላልፍሽ አልቻልኩም።

ማሽኑ የወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ሲስተሙ ግን ዛሬም አይቢኤም አይ በሚል ስም ፓወር በሚባሉት የአይቢኤም ሰርቨሮች ላይ ይሠራል። ደግሞ የምትማሪው ዳታ የት እንደሚቀመጥና ሥራው ምን ላይ እንደሚታነቅ ነው። ይህ የትም ይዘሽው የምትሄጂው ዕውቀት ነው።

በዚህ ሲስተም ፋይሉ የትኛው ዲስክ ላይ እንደሚያርፍ በአብዛኛው አንቺ አትመርጪም፤ ራሱ ይበትነዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው «የሚደራጅ ነገር የለም» ብሎ ይተወዋል። ግን የተሰረዘ ሬከርድ፣ ማለትም በፋይሉ ውስጥ ያለ አንድ የዳታ መስመር፣ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ፋይሉ እስኪደራጅ (የተሰረዙት ተጠርገው የቀሩት እስኪጠጋጉ)፣ ወይም ቦታው ለአዲስ ሬከርድ እንዲውል እስኪፈቀድ ድረስ አይለቅም። ግማሹ የተሰረዘ ትልቅ ፋይልን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ፕሮግራም ባዶውንም አብሮ ያነባል። የወር መዝጊያ ሪፖርትሽ የሚጓተተው በዚህ ሊሆን ይችላል።

የዳታ ለውጦች የሚመዘገቡባቸውን የጆርናል ሪሲቨሮችና ለመታተም የተዘጋጁ ሪፖርቶች የሚቀመጡባቸውን የስፑል ፋይሎችም እዪ። በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ሪሲቨሮቹን የሚያጠፋ ሰው አልነበረም። በደሞዝ ዋዜማ ዲስኩ ሞልቶ ሲስተሙ ቆመ። ያን ሌሊት ቦታውን ምን እንደበላው ሳላውቅ ስፈልግ ነጋብኝ። ያኔ የተሰማኝን ጭንቀት ማንም እንዲያየው አልፈልግም።

ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ወር ሲዘጋ ዲስኮቹ ከጊዜያቸው በመቶ ስንቱን በሥራ እንደሚያዙ መዝግቢ፤ ምን ያህል እንደሞሉ አይደለም። የሚሽከረከሩ ዲስኮች ከሆኑ፣ ከ40 በመቶ በላይ ለረጅም ጊዜ መቆየታቸው ዲስኮቹ ለሥራው የማነሳቸው ምልክት ነው። ዲስኮቹ የተደራጁት በሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢበላሽ ዳታው እንዳይጠፋ በሚያደርግ ዘዴ) ከሆነ አንድ ትንሽ ጽሑፍ አራት የዲስክ ሥራ ይጠይቃል፤ ሁለት ንባብ፣ ሁለት ጽሑፍ። ስለዚህ ባዶ ቦታ ሞልቶም ሊጨናነቅ ይችላል። አዲስ ዲስክ ከገባ ደግሞ ዳታውን ማመጣጠን አለባችሁ። አለበለዚያ የድሮው ዳታ እዚያው ይቀራል፣ አዲሱ በአብዛኛው በአዲሶቹ ላይ ይከመራል።

አጎትሽ ወደው እንደሚመክሩሽ አልጠራጠርም። ግን ሥራ ለቀሽ ስትቀመጪ የቤት ኪራይሽን ማን ይከፍላል? መልስ ከሌላቸው ምክሩ ለጊዜው ይቆይ። የወንድምሽን ክፍያም ቤተሰቡ ይነጋገርበት፤ ብቻሽን የምትሸከሚው ዕዳ አይደለም። ሴኩሪቲውን ከፈለግሽ ማታ ማታ ተማሪ።

አሁን ትልልቆቹን 20 ፋይሎች ከነተሰረዙ ሬከርዶቻቸው ዘርዝሪ። ባክአፕ ያዢ። ፋይሉ ሲደራጅ ስለሚቆለፍ ሰው በሌለበት ሰዓት አንዱን አደራጂና የፊቱንና የኋላውን ሰዓት ጻፊ። በሁለት ገጽ ለአለቃሽ ስጪ፤ ቅጂውንም ለራስሽ አስቀሪ። ለሚቀጥለው የሥራ ቃለ መጠይቅ ከየትኛውም ሰርተፊኬት በላይ ይጠቅምሻል። ብቻ ከሚቀጥለው የወር መዝጊያ በፊት ጀምሪ፤ የዛሬው ቁጥር ካልተያዘ ለማወዳደሪያ የሚሆን አይኖርሽም።