«በርቺ» ያልኳት ቀን

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ክብደቷን ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ስድስት ወር እንደሆናት፣ ከዚያ በኋላ በተከተለው ችግር ሁለት ጊዜ ተመልሳ ሆስፒታል እንደተኛች፣ አሁን ቁስሉ ቢድንም ጠዋት ከአልጋ ለመውረድ እንኳ አቅም እንዳጣች ከዘረዘረች በኋላ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ የቀድሞው ብርታቴ እንዲመለስ ምን ላድርግ? እባክዎ የሚያበረታታ ቃል ይጻፉልኝ።»

ደብዳቤውን ደጋግሜ ባነበውም ለሁለት ሳምንት ያህል መልስ መጻፍ አልቻልኩም። የሚባል ቃል ጠፍቶኝ አይደለም፤ ከ30 ዓመት በላይ በሙያው ስቆይ ለታካሚዎቼ ሳልሰስት ስሰጥ የኖርኩት ነገር ቢኖር የሚያበረታታ ቃል ነው። እጄን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በእርሷ ዕድሜ ለነበረች አንዲት ታካሚ መስጠት የነበረብኝ መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ «በርቺ» የሚል ቃል ብቻ ሰጥቼ ሸኝቻት ነበር። ስለዚህ ለጠየቀችኝ ወጣት ከመመለሴ በፊት፣ እርሷን ለመሰላችሁ ሁሉ ያንን ታሪክ መንገር ይኖርብኛል።

ታካሚዋ 26 ዓመቷ ነበር። የተደረገላት «ስሊቭ» የምንለው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ጨጓራው በቁመቱ ተቆርጦ 80 በመቶ ያህሉ ይወጣና የቀረው እንደ ጠባብ ቱቦ ይሆናል። ቀዶ ሕክምናው ያለችግር ተጠናቀቀ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ገባች። በሰባተኛው ሳምንት ለክትትል ስትመጣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትንሽ ደብተር ይዛ ነበር። በየቀኑ ጠዋት የተመዘነችውን ክብደት በጥንቃቄ ጽፋበታለች። 24 ኪሎ ቀንሳ ነበር። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ፍጥነት ሊያስጠረጥረኝ ሲገባ አስደሰተኝ፤ ደብተሩን አንስቼ አብረውኝ ለነበሩት ወጣት ሐኪሞች አሳየሁና «ታካሚ ማለት እንዲህ ነው» አልኳቸው። እርሷም ፈገግ አለች። ልትወጣ ስትነሳ ዝቅ ባለ ድምፅ «ትንሽ ትንሽ ያስመልሰኛል» አለችኝ። እኔም ቀና ሳልል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያጋጥም መሆኑን፣ ቀስ ብላ በደንብ እያኘከች እንድትመገብ ነገርኳትና «በርቺ» ብዬ ሸኘኋት። በር ላይ ስትደርስ መቃኑን በእጇ ያዝ አድርጋ ነበር። ያንን አየሁት፤ አይቼም አለፍኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት ሐኪም ጠረጴዛቸው ላይ ምንጊዜም ውሃ የተሞላ ብርጭቆ አይጠፋም ነበር። የጨጓራ ወይም የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ለክትትል ሲመጣ «እስቲ ፊቴ ጠጣልኝ» ይሉና ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ውሃው እንዴት እንደሚወርድ፣ ሰውየው መሀል ላይ ቆም ይል እንደሆነ፣ ደረቱን ይይዝ እንደሆነ ዝም ብለው ያያሉ። ውጭ የተሰለፈው ሰው እየበዛ እኛ ተማሪዎቹ በትዕግሥት ማጣት እንቁነጠነጥ ነበር። እኔ በተራዬ የክፍሉ ኃላፊ ስሆን ያንን ብርጭቆ ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት። ጊዜ ይወስዳል ብዬ ነው። ብርጭቆው በቦታው ቢኖር ኖሮ ያቺ ልጅ ከሁለት ጉንጭ በላይ መጠጣት እንደማትችል በዚያው ቀን ባወቅሁ ነበር።

ከ17 ቀን በኋላ እናቷና ወንድሟ ግራና ቀኝ ደግፈው አመጧት። ስትራመድ እግሮቿን አራርቃ ነው፤ ወለሉ የሚወዛወዝባት ይመስል ነበር። «ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል» አለች። ዓይኖቿ ወደ ጎን ሲመለከቱ ሳይረጉ ይርገበገባሉ። ዕለቱን ስጠይቃት ቀኑን ብቻ ሳይሆን ወሩንም ሳተች። ተረኛው ወጣት ሐኪም ሰውነቷ ውሃ እንዳጣ አይቶ ጉሉኮስ ሊሰቅልላት ሲል፣ ለረጅም ዓመታት በክፍሉ ያገለገሉ አንዲት ነርስ ክንዱን ያዝ አድርገው «መጀመሪያ ቢ1 ይሰጣት» አሉት። ያንን ዕለት ያዳኗት እኒህ ሴት እንጂ እኔ አይደለሁም።

የተፈጠረው ይህ ነው። የተሰፋው ጨጓራ መሀሉ ላይ ጠብቦ ምግብ አላሳልፍ ብሎ ነበር። ታያሚን የሚባለውን ቫይታሚን ቢ1 ሰውነታችን እንደ ስብ ለወራት አያከማቸውም፤ ሳያገኝ ቢቀር ያለው የሚበቃው ለሁለት፣ ቢበዛ ለሦስት ሳምንት ያህል ነው። እርሷ ግን ከአንድ ወር በላይ ስታስመልስ ቆይታለች። ቢ1 ሲሟጠጥ አንጎል ስኳርን ወደ ጉልበት መለወጥ ይሳነዋል፤ በዚህ ላይ ጉሉኮስ ብቻውን ቢሰጥ የቀረችውን ጥቂት ቢ1 ጨርሶ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። ካርል ቬርኒኬ የተባለው ሐኪም ይህን የአንጎል ሕመም እ.ኤ.አ. በ1881 ነው የገለጸው፤ ከገለጻቸው ሦስት ሰዎች አንዷም መርዝ ጠጥታ ጨጓራዋ ከጠበበ በኋላ ስታስመልስ የቆየች ወጣት ነበረች። እኔ ይህን በተማሪነቴ አንብቤ ለፈተና ጽፌዋለሁ። ፊት ለፊቴ ስትቆም ግን አላወቅኋትም።

በከፍተኛ መጠን በደም ሥር የተሰጣት ቢ1 ዓይኖቿን በጥቂት ቀናት ውስጥ አረጋጋቸው፤ አእምሮዋም ቀስ በቀስ ጠራ። የጠበበውን ቦታ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ በባሉን አሰፋነው። እግሮቿ ግን ወዲያው አልታዘዟትም፤ ከአንድ ዓመት በላይ በምርኩዝ ሄዳለች፤ የእግሯ መዳፍ መደንዘዝ እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቃትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ያንን ሰማያዊ ደብተር ገለጥኩት። ከክብደቱ ቁጥሮች ጎን በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተነጠቡ ትናንሽ ነጥቦች ነበሩ። በመጀመሪያው ወር ምንም ነጥብ የለም። ከዚያ በቀን አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ሦስት፤ በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ነጥቦቹ ተጣብቀው መስመር ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ምን እንደሆኑ ጠየቅኋት። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ጊዜ ማስመለሷን ታመለክት ነበር። ያንን ደብተር ከፍ አድርጌ ለወጣት ሐኪሞች ያሳየሁት እኔ ቁጥሩን እንጂ ነጥቡን አላየሁም። ለምን አጥብቃ እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት የመለሰችልኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ዶክተር፣ በርቺ ካሉኝ በኋላ እንዴት አድርጌ ደክሞኛል ልበልዎት?»

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ከዚያች ልጅ በኋላ «ሰነፍኩ፣ ፍላጎት አጣሁ፣ ተስፋ ቆረጥኩ» የሚል ታካሚ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የደም ምርመራውን ነው። ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በተለይም ችግር ገጥሟቸው ለሳምንታት በደንብ ሳይመገቡ በቆዩ ሰዎች ላይ፣ የአይረን ማነስ፣ የቢ12 ማነስ፣ የፕሮቲን እጥረት፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት ይደጋገማሉ። እነዚህ ሁሉ ሰውን አልጋ ላይ ያስቀራሉ። ቢ12 ደግሞ ጉበት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚከማች ጉድለቱ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሰው ሁሉን ነገር በረሳበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ደሟ ያነሰ ልጅ ራሷን በስንፍና ስትከስ ማየት ለእኔ እጅግ ያሳዝነኛል። የጎደለው ሲሞላ ከሳምንታት በኋላ ራሷ ተነስታ መራመድ ስትጀምር ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያኔ ማንም ንግግር አላደረገላትም።

ድባቴ ሲሆንም ነገሩ ያው ነው። ሰውነት በፍጥነት ሲለወጥ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ይድናል የተባለው ነገር በሽታ ይዞ ሲመጣ፣ ሐዘን ይከተላል። በዚህ ረገድ የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ትሻላላችሁ፤ እኛ ስሙን እንኳ ሳናነሳ የቀበርነውን ነገር እናንተ ለባለሙያ ትናገራላችሁ። የማይገባኝ ሌላው ጠባያችሁ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ የተነሱትን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በስልክ ለማታውቁት ሰው ሁሉ ታሳያላችሁ፤ ሦስት ቀን ውሃ አልወርድ ሲላችሁ ግን ለሐኪማችሁ መደወል ያሳፍራችኋል። ፎቶው ሥር የሚጻፍላችሁ «ጎበዝ» የሚል ቃል ከእኔ «በርቺ» ጋር አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ታምሜያለሁ ማለትን ያከብዳል።

ስለ ጣፋጭ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ እንቅስቃሴ እናንተው ከእኔ በላይ ስለምታውቁ አልደግመውም። ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁትን ልበል። አይረንና ካልሲየም አንድ ላይ ሲዋጡ አንዱ የሌላውን መንገድ ስለሚዘጋ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋቸዋል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የመሳሰሉ ማስታገሻዎች፣ በተለይ ባይፓስ (ጨጓራው አንሶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚገጠምበት ሌላው ቀዶ ሕክምና) ለተደረገለት ሰው፣ አንጀቱ ከጨጓራው ጋር የተገጠመበት ቦታ ላይ ቁስል ያመጣሉ፤ ሲጋራም እንዲሁ፤ ስለዚህ ለራስ ምታት ብላችሁ ከመዋጣችሁ በፊት ጠይቁ። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ የሚረግፈው ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ ማበጠሪያው ላይ ያያችሁት ፀጉር እንዳያስደነግጣችሁ፤ ፕሮቲናችሁ ግን በቀን ከ60 ግራም እንዳይወርድ ተከታተሉ። ባይፓስ ካደረጋችሁ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ከምግብ በኋላ እየመጣ የሚሄድ ጠንካራ የሆድ ቁርጠት ካጋጠማችሁ፣ አንጀት በውስጥ ክፍተት ሾልኮ የመታነቅ አደጋ ስላለ እስኪነጋ አትጠብቁ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያላችሁ ደግሞ ልባችሁ ተቀምጣችሁም በደቂቃ ከ120 በላይ እየመታ ካልበረደ፣ ትኩሳት ባይኖራችሁም የተሰፋው ቦታ ማፍሰሱን ሊያመለክት ይችላልና በዚያው ሰዓት ሂዱ።

ለሚዛን ያለኝን ጥላቻ ከታሪኩ ሳትረዱት አልቀራችሁም። ለብዙ ዓመታት ታካሚዎቼን ሚዛናችሁን ከመኝታ ቤት አውጡት እላቸው ነበር። አሁን ሳስበው ግን ይህም ሙሉ እውነት አይደለም። ክብደት ከተገመተው በላይ ሲወርድ የመጀመሪያው ምልክት የሚታየው እዚያው ላይ ነው፤ ያቺ ልጅ ባትመዘን ኖሮ ነጥቦቹን የምትጽፍበት ገጽም አይኖራትም ነበር። ስለዚህ ተመዘኑ እላለሁ፤ ነገር ግን ወደ ሐኪም ስትሄዱ ኅዳጉን አስቀድማችሁ አሳዩ።

ብርታቷ እንዴት እንደተመለሰ መንገር የምችለው ባየሁት ልክ ነው። በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ 14 እርምጃ ነበር። መጀመሪያ መስኮቱ ጋ ሳትደርስ ተመለሰች። በማግሥቱ ደረሰች። ክብደቷን መጻፍ አቁማ እርምጃዋን፣ ሳታስመልስ ያለፈችውን ቀን፣ የጠጣችውን ውሃ መጻፍ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም። የባሰ ቀን ሲያጋጥማት ነጥቧን ትነጥብና ለነርሷ ታሳያለች፤ ከዚያ ትተኛለች። ትተኛለች ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ቀኑን ሁሉ ታገለች እያልኩ አይደለም። ከዓመት በኋላ ምርኩዟን ይዛ ስትመጣ ክብደቷ ሰባት ኪሎ ጨምሮ ነበር፤ መልኳ ግን ከመቼውም በላይ ጥሩ ነበር። እኔም በዚያን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ብርጭቆ አስቀምጬ ነበርና ውሃ ሞልቼ ሰጠኋት። እስከ ታች ጠጣችው። ሁለታችንም ምንም አላልንም።

አሁን፣ ልጄ፣ ደብዳቤ የጻፍሽልኝ፤ የሚያበረታታ ቃል ጠይቀሽኝ ነበር። በምትኩ ያኔ መጠየቅ የነበረብኝን ልጠይቅሽ። በዚህ ሳምንት ስንት ጊዜ አስመለሰሽ? አንድ ብርጭቆ ውሃ ለመጨረስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብሻል? የእግርሽ ጣቶች ይደነዝዛሉ? ደምሽ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው መቼ ነው? ቢ1 እና ቢ12ስ በዚያ ውስጥ ነበሩ? መልሱን በወረቀት ጻፊና ነገ ጠዋት ለሚከታተልሽ ሐኪም ስጪው። «የተለመደ ነው» ቢልሽ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተሽ አትነሺ፤ እንዲያነበው ጠይቂው።