አረፋው ሲበዛ ጋዙን አትንኩት፦ ስለ ቤት ድራፍት ለጠየቃችሁኝ

እንጀራዬ የድራፍት መስመር መግጠም፣ ማጠብና መጠገን ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ድሮ ሥራዬ ሬስቶራንትና ባር ብቻ ነበር። አሁን አሁን የሐበሻ ቤዝመንት በዝቶብኛል፤ ቤት የገዛ ሁሉ ምድር ቤቱን ባር ያደርገዋል። ሰሞኑን «የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ከዚህም ከአገር ቤትም ጥያቄው ጎረፈ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ለልጄ ምርቃት በርሜል ገዛሁ። ማሽኑ አዲስ ነው። የሚወጣው ግን አረፋ ብቻ! ጋዙን ብቀንሰው ጭራሽ ባሰበት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር አልነገርከኝም። በርሜሉ ፍሪጅ ውስጥ ስንት ሰዓት ቆየ?

ባለፈው ክረምት፣ ማለቴ በእዚህ አገር ሐምሌ፣ አንድ ቤት ተጠራሁ። እንግዳው ሞልቷል፣ ሰው ሁሉ ነጭ አረፋ የሞላው ብርጭቆ ይዞ ይተያያል። በርሜሉን በእጄ ነካሁት፤ ለብ ብሏል። ጠዋት በመኪና የኋላ ኮፈን ተጭኖ መጥቶ፣ ሦስት ሰዓት በረዶ ላይ ተቀምጦ ነው የተከፈተው። ጋዙን ሁሉም በየተራ ነካክቶታል። ማንም ቴርሞሜትር አላመጣም።

ቢራ ጋዙን፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ አቅፎ የሚይዘው ሲቀዘቅዝ ነው። ሲሞቅ ይለቀዋል። ጋዙን ስትቀንስ ደግሞ የሚያግደው ግፊት ስለሚያንስ በርሜሉ ውስጥና ቢራውን ወደ ቧንቧው በሚያደርሰው ጎማ ውስጥ ጭራሽ ይፈታል። ያባሰብህ እሱ ነው። ትልቅ በርሜል ከሙቀት ሲመጣ ቢያንስ 24 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ቢራው ራሱ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሁን። የፍሪጁን ቁጥር አትመን፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከበርሜሉ አጠገብ አሳድርና እሱን ለካ። ከዚያ ግፊቱን 12 ፒኤስአይ (ጌጁ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ) ላይ አድርገህ እርሳው።

ጥያቄ፦ የኔ ደግሞ የመጀመሪያው ብርጭቆ ብቻ ነው አረፋ የሚሆነው። ሁለተኛው ቆንጆ ነው።

መልስ፦ ከፍሪጁ በላይ የቆመውን፣ ቧንቧው የተገጠመበትን ግንብ በእጅህ ያዘው። ሞቋል፣ አይደል? ጎማው ውስጥ የቆየው ቢራ እዚያ ላይ ይሞቃል። ከታች ቀዝቃዛ አየር የምትነፋ ትንሽ የኮምፒውተር ፋን አስገባለት። ዋጋዋ ከአንድ ዙር መጠጥ አይበልጥም። ሲቀዳ ደግሞ እጀታውን እስከመጨረሻው ክፈተው። ብዙ ሰው የሚጠነቀቅ መስሎት በግማሽ ይከፍተዋል፤ ቢራው በጠባቧ ቀዳዳ ሲጋፋ አረፋ ይሆናል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ)፦ ወንድሜ ከውጭ ሙሉ ዕቃውን ላከልኝ። ዩቲዩብ ላይ እንደሚሉት 12 ላይ አደረግኩት። በመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ግን ቢራው ሞተብኝ፣ ጋዙ ጠፋ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ማሽኑ ደህና ነው። ችግሩ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ መሆኗ ነው። ይሄን ጥያቄ ስለወደድኩት ትንሽ ልቆይበት።

የጋዙ ጌጅ የሚነግርህ በዙሪያህ ካለው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። በባሕር ጠለል ላይ አየሩ ራሱ 14.7 ፒኤስአይ ይጫናል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ አየሩ የሚጫነው ወደ 11 ብቻ ነው። ቢራው ደግሞ ጌጅ አያይም፣ ጠቅላላውን ግፊት ነው የሚያውቀው። ስለዚህ የዩቲዩቡ ሰውዬ 12 ሲል አንተ 15 ወይም 16 ማለት አለብህ። በእኛ ሙያ ለየ2,000 ጫማው አንድ ፒኤስአይ ጨምር ይባላል። ጌጅህ ባር በሚባለው የግፊት መለኪያ ከሆነ፣ ለሰውዬው 0.8 የሆነው ላንተ ከ1 ትንሽ በለጥ ይላል። ባሕር ዳር ከተማ ያለ ሰው 3 ያህል ይጨምር፣ ድሬዳዋ ያለ ደግሞ 2።

ግፊቱን ስትጨምር ቢራው በኃይል ይወጣል። ያን የሚያበርደው ጎማው ነው። ዕቃው ጋር የመጣው አጭር ጎማ ከሆነ፣ ያንኑ ቀጭኑን፣ ውስጡ 5 ሚሊሜትር ያህል የሆነውን፣ 3 ሜትር ገዝተህ ለውጠው። የተረፈውን ፍሪጁ ውስጥ ጠቅልለው። ቢራው ቀስ ብሎ ከወጣ እያየህ ትቆርጠዋለህ፤ የቆረጥከውን ግን መቀጠል አትችልም፣ ስለዚህ አትቸኩል።

ጥያቄ (ይኸው ሰው)፦ መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ አትክፈተው። የሞላ በርሜል ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል፣ የሚያሞቀው በየአሥር ደቂቃው ከፍቶ የሚያየው ሰው ነው። ከሞቀ ደግሞ መብራቱ በመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለመቅዳት አትሞክር።

ጥያቄ፦ የጋዝ ሲሊንደሬ ጌጅ ሙሉ ነው ይላል፣ በማግስቱ ግን ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አታለሉኝ?

መልስ፦ ምናልባት ማንም አላታለለህም። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ጌጁ አይንቀሳቀስም፣ ካለቀ በኋላ በአንዴ ይወድቃል። ልክ እንደ ቡታጋዝ ነው፤ የሚታወቀው በሚዛን ነው። አንገቱ ላይ የባዶው ክብደት ተቀርጿል፤ ያን ቀንስ።

የ5 ፓውንዱ ሲሊንደር 6 ወይም 7 ትልልቅ በርሜል መግፋት አለበት። በአንድ ሌሊት ካለቀ የሚያፈስ ቦታ አለ። እኔም በጀማሪነቴ አንድ ዋሸር ረስቼ የራሴን ሲሊንደር ሙሉውን አየር ላይ ለቅቄዋለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ባለቤቴ «ሌሊቱን ሙሉ እባብ ያለ ይመስል ነበር» አለችኝ። የሳሙና ውሃ በየመጋጠሚያው ቀባ፣ አረፋ የሚያወጣውን አጥብቅ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል። መስኮት የሌለው ትንሽ ምድር ቤት ውስጥ ሙሉ ሲሊንደር ካፈሰሰ ሰው ይጥላል። ሲሊንደሩ ቆሞ፣ ታስሮ ይቀመጥ። ራስ ምታትና ማለክለክ ከተሰማችሁ ውጡ። ለእሳት ማጥፊያ የተሞላ ጋዝ ለቢራ አትጠቀሙ፤ ለምግብ የሚሆነውን ጠይቁ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ሄኒከን በርሜል ገዛሁ፣ በርሜሉ አፍ ላይ የሚገባው የኔ መግጠሚያ አልገባ አለኝ።

መልስ፦ አይገባም። ብዙዎቹ የአሜሪካ ቢራዎች ዲ የሚባለውን መግጠሚያ ይፈልጋሉ፣ ሄኒከን ኤስ ነው፣ ጊነስ ዩ፣ ብዙ የጀርመን ቢራዎች ደግሞ ኤ። ከመግዛትህ በፊት ባለሱቁን ጠይቅ። ጊነስ ደግሞ ጋዙም ይለያል፤ አብዛኛው ናይትሮጅን የሆነ ቅልቅል፣ ከ30 ፒኤስአይ በላይ። በተራው ጋዝ ብትሞክረው ያዝናል፣ አንተም ታዝናለህ። አገር ቤት ያላችሁ መግጠሚያውን የበርሜሉን አከፋፋይ ጠይቁ እንጂ ከውጭ በግምት አታስልኩ።

ጥያቄ፦ ለ60 ሰው ክርስትና ስንት በርሜል? ከጠርሙስስ ይረክሳል?

መልስ፦ ትልቁ የአሜሪካ በርሜል 58.7 ሊትር ነው። በግማሽ ሊትር ብርጭቆ 117 ይሆናል፣ በአረፋ የሚሄደውን ቀንስና 105 በል። የሚጠጣው 40 ሰው ከሆነ አንዱ ይበቃሃል። ሙሉው 73 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ደረጃ ላይ ብቻህን አትሸከመው። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም በርሜል ሲገዛ ይመዘገባል፣ የተለጠፈውን ምልክት አትላጠው።

ስለ መርከሱ ግን እውነቱን ልንገርህ። በወር አንዴ የምትጋብዝ ሰው ከሆንክ አይረክስም። የማሽኑ ዋጋ፣ ጋዙ፣ ማጠቢያው አለ። ድራፍት ቤት የሚገባው ጣዕሙንና ጨዋታውን ለሚወድ ነው። ፓስቸራይዝ ያልተደረገ በርሜል በቅዝቃዜም ቢሆን ሁለት ወር ካለፈው ይወርዳል። በእጅ ፓምፕ አየር እየነፋህ የምትቀዳ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ጨርሰው።

ጥያቄ፦ ቢራው ትንሽ የኮመጠጠ ቅቤ ይሸታል። በርሜል ቀየርኩ፣ ያው ነው።

መልስ፦ መጨረሻ መስመርህን ያጠብከው መቼ ነው? አትመልስልኝ። ቧንቧዋን በቁልፍ ፍታትና ነጭ ሶፍት ጣትህ ላይ ጠቅልለህ ውስጧን ጥረግ። እኔ ይህን ለደንበኛ ሳሳይ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ሶፍቱ ጥቁር፣ ሙልጭልጭ ያለ ነገር ይዞ ይወጣል።

በየሁለት ሳምንቱ፣ ለቢራ መስመር ተብሎ በሚሸጠው ማጠቢያ፣ ለብ ባለ ውሃ በጥብጠህ 15 ደቂቃ እየዞረ፣ ከዚያ በብዙ ንጹሕ ውሃ። ኬሚካሉ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር አድርግ። በረኪና ግን በፍጹም! ሽታው ጎማው ውስጥ ይቀራል፣ ብረቱንም ይበላል። ብርጭቆም እንዲሁ ነው። ጃምቦው ላይ አረፋ በጎን በጎኑ ከተለጠፈ ቅባት አለበት ማለት ነው። ፍሪዘር ውስጥ በረዶ የጋገረ ብርጭቆም ያምራል እንጂ አረፋ ያበዛል።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት፣ ቨርጂኒያ)፦ ልጄ ምድር ቤት ድራፍት አስገጠመ። ጠላዬን በዚያ ማውጣት ይቻል ይሆን?

መልስ፦ እማዬ፣ ይቻላል። ግን የፋብሪካውን በርሜል ልጅዎ እንዳይከፍተው፤ ንብረትነቱ የፋብሪካው ነው፣ ውስጡ ያለው ዘንግም በግፊት ተወርውሮ ሰው ይጎዳል። ሰፊ ክዳን ያለውና ለለስላሳ መጠጥ የተሠራው 19 ሊትሩ ዕቃ አለ፣ እሱን ይግዛ።

ጠላው ጉሽ ሳለ አይሞክሩት። አተላው ወርዶ፣ ጠርቶ፣ በንጹሕ ነጠላ ሁለቴ ይጠለል። አተላው ጎማ ይደፍናል። ዕቃው ውስጥ ወደ ታች የሚወርደውን ቱቦ ሁለት ጣት ያህል ያስቆርጡት፤ የቀረው አተላ ከታች ይተኛል፣ ቱቦው ከላይ ጥሩውን ይስባል። ጋዙ ለመግፋት ያህል ብቻ፣ 4 ወይም 5 ፒኤስአይ። ጠላው እየፈላ ስለሚቀጥል ክዳኑ ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ በየቀኑ አንዴ ሳብ ያድርጓት። ጎማው የራሱ ይሁን፤ ጌሾው አንዴ የገባበት ጎማ የልጅዎን ቢራ ሁሉ ጠላ ጠላ ያሰኘዋል። እሱ ቅር ካላለው ደግሞ እኔን ይጥሩኝ፣ መጥቼ እገጥማለሁ፣ ሒሳቡ በጣሳ ይሁን።