ልጅ አባቱን «አንተ» የሚለው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ገጠር ውስጥ የሚያልፍ ፊልም እየጻፍሁ ነው። አባትና ልጅ በማሳ ውርስ ይጣላሉ። ልጁ ሲናደድ አባቱን «አንተ» ይበላቸው ወይስ እስከ መጨረሻው «አንቱ»?

መልስ፦ ይበላቸው፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱም ጠቡ ጫፍ የደረሰበት ትዕይንት ላይ። ተመልካቹን የሚያስደነግጠው «አንተ» መባሉ ሳይሆን ልጁ ከ«አንቱ» መውረዱ ነው። ስለዚህ ጠቡ ሳይነሳ፣ በሰላሙ ቀን፣ «አባ፣ እንዴት አደሩ? ውሃ ላምጣልዎ?» ሲል ደጋግሞ ይሰማ። ከተማ ያደገና አባቱን በፍቅር «አንተ» እያለ የኖረ ልጅ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እሱ ሲቀየም ወደ «እርስዎ» ይሸሻል፤ ያ ቅዝቃዜ ከስድብ ይብሳል።

ብዙ ድርሰት የሚበላሸው ተውላጠ ስሙ ላይ ሳይሆን ቅጥያዎቹ ላይ ነው። «አንቱ» የመጣው ከግእዙ «አንትሙ» (እናንተ) ነው፤ ግሱ ግን የሚሄደው በ«እነሱ» መልክ ነው፦ መጡ፣ ይመጣሉ፣ ይምጡ። ባለቤትነቱ «ማሳዎ»፣ ተሳቢው «ምን አደረግሁዎ?» ይሆናል። «አንቱ ለምን ትደብቃለህ?» ወይም «ይሂዱ፣ ማሳህን ይያዙ» የሚል ንግግር ጆሮ ይሰብራል። ተዋናዩ ያልተጻፈ ቃል ሲጨምር የሚስተውም እዚሁ ላይ ነውና በልምምድ ጊዜ ቅጥያዎቹን አስምሩባቸው።

የመውረጃዋን ዐረፍተ ነገር አጭር አድርጓት። «ልጅዎን ካዱ!» ሲል የቆየው ልጅ «ልጅህን ካድህ!» ይበል። የተለወጡት ሁለት ቅጥያዎች ብቻ ናቸው፤ ጉዳዩ ግን አለቀ። «አንተ» የሚለውን ቃል መጨመር አያስፈልግም፣ እንዲያውም ያደክመዋል። የመጨረሻዋ «ህ» በጩኸት ትዋጣለችና ተዋናዩ እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ይሻላል።

እናቲቱን አትርሷት። ለልጇ ስትናገር «አባትህ መጡ» ትል የነበረች ሴት አንድ ቀን «አባትህ መጣ» ካለች፣ ከማን ጋር እንደቆመች ሌላ ንግግር ሳይጻፍላት ታወቀ። አባትየው ከሽማግሎች ጋር አብረው ሲገቡ ግን «መጡ» አሻሚ ይሆናል፤ «አባትህና ሽማግሎቹ መጡ» ብላ ትጥራ።

ሽማግሌ ፊት ልጁ የቱንም ያህል ቢበግን «አባቴ እንዲህ አሉኝ» ነው የሚለው። እዚያ «አለኝ» ካለ ጉዳዩን ገና ሳያስረዳ ተሸነፈ። ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ላይ ሲወድቅም «ይቅር ይበሉኝ» ይበል እንጂ «ይቅር በለኝ» አይበል፤ የዕርቁ ግማሽ ያለው እዚያ ግስ ውስጥ ነው።

ጎጃምነቱን ለማሳየት ብላችሁ «ከ»ን ሁሉ «ተ» አታድርጉት። አነጋገሩ አለ፤ በየዐረፍተ ነገሩ ሲደረደር ግን ሐዘኑን ሳቅ ያደርገዋል።